አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያውቅ ገመድ

ሻጯ ገመዱን ከከረጢቱ ታወጣና መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ትዳብሰዋለች፤ የተሰበረ ቦታ ካለ ከዐይን በፊት ጣት ያውቀዋል። ቀጥላ ጫፎቹን ወደ መብራቱ ታዞራለች። ምስል ከኮምፒውተር ወደ ስክሪን ከሚያደርሱት ሁለቱ ዓይነት መሰኪያዎች አንድ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠው ዲስፕሌይፖርት ነው፤ ከታች በሁለቱም ጎን ጠበብ ያለው ኤችዲኤምአይ። እፍ ብላ አቧራውን ታራግፋለች፤ አንዱን ጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሌላውን መሞከሪያው ስክሪን ላይ ትሰካና ትጠብቃለች። ምስል ሲመጣ እንኳ ፊቷ አይፈካም። ሰፈሩ «የገመድ እናት» ይላታል። ቆሞ መዋል ጀርባዋን ስለጨረሰው፣ ማዕረጉ ያን ያህል አያስደስታትም።

ያን ዕለት ሱቋን ልትዘጋ ስትል የታናሽ እህቷ ባል ጠዋት የወሰደውን ገመድ አንጠልጥሎ መጣ።

«እትዬ፣ ይኼ ሬሳ ነው። ቀይሪልኝ።»

ተቀብላ ሞከረችው። ስክሪኑ በራ።

«ሬሳህ ተነሣ። ላፕቶፑ ላይ የሰካኸው የትኛውን ጫፍ ነው?»

«የገባልኝን ነዋ። ገመድ አይደል? ዞሮ ዞሮ ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ይኼ ምስል የሚያደርሰው ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። የእናንተ ላፕቶፕ ያለው ኤችዲኤምአይ ነው። ውሃ ሽቅብ ፍሰስ ብለኸው ነው የዋልከው።»

«ስክሪኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ማዕዘኑ የተቆረጠው ብቻ ነው እኮ።»

«አዙረህ አይተኸዋል?»

«ግድግዳ ተጠግቷል። በእጄ ዳብሼ ነው።»

«ጎበዝ። ሚስትህንም በዳበሳ ነው የመረጥካት?»

ሌላ ቀን ቢሆን «ነገ ና» ብላ ትሸኘው ነበር። ነገ ግን አይሆንም። እህቷ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ናት። ዐይኗን ከታመመች ወዲህ በትንሹ ላፕቶፕ ላይ ቀጫጭኑ መስመር ሁሉ ይደራረብባታል። ከረጅም ሥራ ፈትነት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ከቤቷ ሆና እንድትሠራ ሊፈትናት ተስማምቷል፤ ፈተናው ነገ ጠዋት ነው፤ ትልቁ ስክሪን ካልበራ አለቀ። ስለዚህ በሁለቱም ጫፉ ኤችዲኤምአይ የሆነ ገመድ፣ እሱ ካልሆነም ምልክቱን ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት የሚቀይረውን ትንሽ ሳጥን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ እያቃሰተች ተከተለችው።

እህቷ አፍንጫዋ ላፕቶፑን ሊነካ ምንም አልቀራትም።

«እታለም፣ ይቅርብኝ። አልችልም ብዬ ልደውልላቸው?»

«መጀመሪያ ስክሪኑን አዙሩት።»

አዞሩት። ከታች፣ ከኤሌክትሪኩ መሰኪያ አጠገብ፣ ስስ ላስቲክ የተለጠፈበት ሌላ ቀዳዳ ነበር። ሻጯ በጥፍሯ ላጠችው፤ ኤችዲኤምአይ። ያመጣችውን ገመድ ሰካች። ምንም የለም። ባልየው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በዐይኗ ከደነችው። ከስክሪኑ ጠርዝ ያለውን ቁልፍ እየተጫነች ምስሉ የሚመጣበትን መግቢያ መረጠች። ንድፉ ፍንትው አለ።

እህቷ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች፤ ቀጭኗን መስመር ከሩቅ ተከትላ እስከ ጥጓ ደረሰች። ከዚያ ሁለቱንም በእጇ ገፋ ገፋ አደረገቻቸው።

«በሉ ውጡልኝ፣ ልለማመድበት።»

በሩ ላይ ባልየው አጉረመረመ። «ታዲያ ጠዋት አትነግሪኝም ነበር?»

«ስለ መሰኪያዎቹ ስጠይቅህ ‹ቸኩያለሁ፣ ብቻ ስጪኝ› አልከኝ።»

የገመድ እናት እናንተንም የምትለምናችሁ ይህንኑ ነው። ገመድ ልትገዙ ከቤት ሳትወጡ ስክሪኑን ከግድግዳው አራቁና ጀርባውን እዩ፤ የተለጠፈ ነገር ካለ አንሡት። የኮምፒውተሩንም መሰኪያ እዩ። ሁለቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ይዛችሁላት ሂዱ። ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ሥራ ነው።