እጁን ወደ ኋላ ያጣመረው መኮንን

ያስተማራችሁት ሰው አጠገባችሁ ሲሆን ሁሉን አሳክቶ፣ ብቻውን ሲቀር ግን ሁሉ ነገር ጠፍቶበት ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ላስ ቬጋስ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ያን ሰሞን ግን ያስቸገረችኝ ተማሪ አክስቴ ነበረች።

አክስቴ በዲቪ መጥታ ኢንስፒራዳ በሚባለው ሰፈር እኛ ጋ ትኖራለች። አንድ ሆቴል ለጽዳት ሥራ ተቀብሏታል። ሺፍቱ የሚጀምረው በማለዳ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያደርሳት ሰው የለም። መንጃ ፈቃድ ቶሎ ካላወጣች ሥራው ለሌላ ይሰጣል።

ስለዚህ ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር የሚገኝ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ አለማመድኳት። አጠገቧ ተቀምጬ በየመታጠፊያው ሁሉን በቅደም ተከተል ነገርኳት፦ መጀመሪያ ሚረር (መስታወቱን)፣ ቀጥሎ ሲግናል (ፍሬቻ)፣ ከዚያ ዞር ብለሽ እይ። አንድም ነገር አልሳተችም። ፈተናው ላይ ግን ወደቀች።

"ፈታኙ ሰውዬ ዝም አለ" አለችኝ። "'ሚረር' እስኪለኝ ስጠብቅ ሳላይ ሌላ መስመር ውስጥ ገባሁ።"

በሚቀጥለው ልምምድ ጎረቤታችን አብረውን መጡ። በደርግ ጊዜ በስደት የመጡ፣ ከዚያ በፊት የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩ አዛውንት ናቸው። ከኋላ ወንበር ሆነው ጥቂት አዳመጡኝና፣

"ኧረ ይህን ሬዲዮ ዝጉት!" አሉ።

"ሬዲዮ አልከፈትንም እኮ ጋሼ" አለች አክስቴ።

"ይሄንን ነዋ!" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

አክስቴ ከት ብላ ሳቀች። መኪናውን ፓርክ ስታደርግ ጋሼ ወሬያቸውን ጀመሩ። በወጣትነታቸው ዕጩ መኮንን ሳሉ በአንድ የውጭ አገር ሄሊኮፕተር ተሸካሚ መርከብ ላይ ሠልጥነዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። እንዲህ ያለች መርከብ ሁለት ሥራ አላት። ከበስተኋላዋ ሄሊኮፕተሮች የሚያርፉበት ሰፊ ወለል አለ፤ ካረፉ በኋላ በአሳንሰር ወርደው ከሥር ይቀመጣሉ። በጦርነት ጊዜ ወታደር ትጭናለች። በሰላም ጊዜ ደግሞ በወታደሮቹ አልጋ ላይ ዕጩ መኮንኖች ይተኛሉ፤ የመማሪያ ክፍል ይከፈትላቸዋል፤ ከወደብ ወደብ እየዞሩ ይማራሉ። ትምህርት ቤት ናት፤ ዕጩው ሲሳሳት ግን አቅጣጫ የምትስተው እውነተኛ መርከብ ናት።

"አንድ ቀን ተራው የኔ ሆነ" አሉ ጋሼ። "ሄሊኮፕተር እየተመለሰ ነው። በደንብ እንዲያርፍ መርከቧን ከነፋሱ ጋር ማስተካከል አለብኝ። አስተማሪዬ ከኋላዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። 'ወዴት ላዙር?' ብዬ ዞር ብዬ ባየው፣ እሱ ባሕሩን ያያል!"

"ውይ! ምንም አላለዎትም?" አለች አክስቴ።

"ምንም። አዘዝኩ፤ ተሳሳትኩ። ባንዲራው የሚውለበለብበትን አቅጣጫ አየሁና ራሴው አስተካከልኩት። ሄሊኮፕተሩ ካረፈ በኋላ 'ትንሽ ብትዘገይ እጄን ፈትቼ ጣልቃ እገባ ነበር' አለኝ። ለካ ሲያይ የነበረው እኔን ነው።"

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከአክስቴ ጋር ተስማማን። አደጋ ካየሁ "ብሬክ" እላለሁ፤ ሌላ ቃል አይወጣኝም። የመጀመሪያው ቀን ለእኔ ፈተና ነበር። ሲግናል ሳታሳይ ስትታጠፍ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ፓርኪንጉ ባዶ ስለነበር የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ጥቂት ከሄደች በኋላ፣

"ውይ፣ ሲግናል! ለምን አልነገርከኝም?" ብላ ጮኸችብኝ።

"መርከቧ ያንቺ ናታ!" አሉ ጋሼ ከኋላ።

ተናድዳ ያንኑ መታጠፊያ ደግማ ዞረችው። ሲግናል የረሳችው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሚረሩ የምታየው እኔን ሳትጠብቅ ሆነ።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ከውጭ ቆሜ ጠበቅኳት። መኪናውን በቀስታ አቁማ ወረደች።

"እንዴት ነበር?"

"ሰውዬው ዛሬም ዝም ነው" አለች። "እኔም ወሬውን አልፈለግኩትም። አልፌያለሁ!"

አሁን ወደ ሺፍቷ ብቻዋን ነድታ ትሄዳለች።

እናንተም እስኪ ሞክሩት። ልጃችሁን ጫማ ማሰር፣ እናታችሁን ስልክ ስታስተምሩ፣ ለአደጋ ብቻ የምትናገሩትን አንድ ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከዚያ እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምሩና ተማሪያችሁ ስህተቱን ራሱ እስኪያገኘው ጠብቁት።