የክረምት ኮርሱን ይቅርብኝ ያልኩ ቀን

በጃንሆይ ጊዜ ሞጣ ሳስተምር ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍልና የአንድ ዓመት የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር፤ በቃ። በዚያችው እውቀት የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ፣ ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል ሁለተኛው ለምን እንደሚገለበጥ ጠየቀችኝ። እኔ እቴ! መገልበጡን እንጂ ምክንያቱን መች ነግረውኝ! «ሕጉ ነው፣ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ እፍረት ሲበላኝ ሰነበተ።

ስለዚህ አዲስ አበባ ለመምህራን የሚሰጠውን የክረምት ኮርስ እንዴት እንደተመኘሁት እግዜር ይወቀው። ደግሞም ሰው ርቦኝ ነበር። አገሬ ወሎ ነው፤ ሞጣ ዘመድ የለኝም። የከተማው ሰው አክባሪ ነው፣ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳኛል፤ ከሰላምታው በኋላ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ነው። የልቤን የማወራው አብሮኝ ቤት ከተከራየው ወጣት አስተማሪ ጋር ብቻ ነበር። በዕድሜ ስለምበልጠው ጋሼ ይለኛል። ሽሮ የሚሠራውም እሱ ነው፤ የኔን ውሻም አይቀምሰው እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ግንቦት ላይ የትምህርት ኢንስፔክተሩ ከደብረ ማርቆስ በላንድሮቨር መጣ። መምህራኑን ሰብስቦ፣ «ለክረምት ኮርስ አንድ ቦታ ተፈቅዶላችኋል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «በአገልግሎት የምትበልጠው አንተ ነህ። ትሄዳለህ?»

ልቤ ዘለለ። አፌስ ምን አለ? «ኧረ ለኔ ይቅርብኝ፤ ወጣቶቹ ይሂዱ።»

ምን ነካህ አትበሉኝ። ያደግሁት እንዲያ ነው፤ ማዕድ ላይ እንኳ አንጀትህ እየጮኸ «በቃኝ» ትላለህ፣ «በሞቴ» ትባላለህ፣ ከዚያ ነው የምትጎርሰው። እኔም «እንዴት ተደርጎ! ትልቅ ተቀምጦ!» የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ማንም አላለኝም። ኢንስፔክተሩ ዝናብ ሳይዘው ቢቸና መድረስ ነበረበትና ብዕሩን አውጥቶ፣ «እንግዲያው ከወጣቶቹ ማን?» አለ። የቤት ጓደኛዬ አይን አይኔን አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። እኔም አጨበጨብኩለት። አይ እኔ!

ያ ክረምት አልገፋ አለኝ። ተማሪው ወደ እርሻ፣ መምህራኑ ወደየአገራቸው ሄዱ። እኔ ወደ ወሎ እንዳልሄድ ዓባይ ሞልቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ የዋልኩበት ጊዜ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ባለሱቁን ክብሪት ስጠኝ ስለው ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ብቸኝነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ቅናትም አልታጣበትም። አሁን እሱ ከመላ አገሪቱ ከመጣ መምህር ጋር ሲማር፣ ሲከራከር፣ ሲስቅ ይታየኛል።

መስከረም ላይ ሰርተፊኬቱን ይዞ ተመለሰ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ግን ሳምንት እንኳ አልቆየ፤ ኮርሱን ስለወሰደ ቢቸና ዲሬክተር ሆኖ ተመደበ። ዕቃውን አብሬው አሰርኩ። ፍራሹን ግራና ቀኝ ይዘን ወደ ጭነት መኪናው ስንሄድ ድንገት ቆመ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የምርህን ነበር?»

«ምኑን?»

«ይቅርብኝ ያልከውን። እጄን ሳወጣ እኮ አይን አይንህን እያየሁ ነበር። እፈልጋለሁ ብትል ኖሮ ወዲያው አወርደው ነበር።»

አንተ እንድትለምነኝ ነበር የጠበቅሁት የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ኮርስ ለኔ ምን ያደርግልኛል ብለህ ነው?» አልኩት።

ፊቱ ፈካ። «እፎይ! ክረምቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ነበር እኮ» አለና፣ ፍራሹን እንደያዝን ወደ መኪናው ሄድን።