የሌላ ሰው ትኩሳት

ለአዲሱ ክትባት ሙከራ ፈቅደው የተወጉ ሰዎች ለክትትል በሚጠሩበት ክፍል ውስጥ ነርሷን ሁሌ የምትገርማት አንዲት ሴትዮ አለች። የወንድ ካፖርት ትለብሳለች፤ ጭምብሏን እስከ ዐይኗ ሥር ትስበዋለች። ከሰው ራቅ ብላ ትቀመጥና የተወጋችበትን ክንዷን ደጋግማ ትጫነዋለች። እንዲያማት የፈለገች ይመስላል።

ዛሬ ከፊት ለፊቷ አንድ ባለታክሲ ተቀምጦ ያማርራል። «ከተወጋሁ ወዲህ ትኩሳቱ አልለቀቀኝም። ትናንት እንደ ወባ በሽተኛ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ።»

ሴትዮዋ የራበው ሰው የሚጎርሰውን እንደሚያይ አየችው። «ታድለህ! ላንተ እውነተኛው ክትባት ደርሶሃል። እኔን የወጉኝ ውሃ ነው።»

«እትዬ፣ ግማሹ ሰው ለማወዳደሪያ ጨዋማ ውሃ መወጋቱ እውነት ነው» አለች ነርሷ። «ማን የቱን እንደተወጋ ግን እኛም አናውቅም። ትኩሳት አልያዘኝም ብለው ተስፋ አይቁረጡ።»

«ክንዴ እንኳ አላበጠም። እሱ ግን ሞልቶ ተርፎት ያማርራል!»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባዬ ሳንባው ደካማ ነው። በሽታውን እንዳላስይዘው ምግቡን በር ላይ አስቀምጬለት ነው የምሸሸው። ጺሙ አድጎ ደረቱ ላይ ደርሷል። እውነተኛው ደርሶኝ ቢሆን ገብቼ እላጨው ነበር።»

ባለታክሲው ማማረሩን ተወ። ነርሷም ሙቀቷን ለካችና «ደህና ነዎት፤ ምንም ትኩሳት የለዎትም» አለቻት።

ሌላው ሰው እንዲህ ሲባል ተመስገን ይላል። ሴትዮዋ ግን ባለታክሲውን በጎን እያየች ግንባሯን ለነርሷ መልሳ ሰጠቻት።

«እስቲ በእናትሽ፣ አንዴ ድገሚው።»