የፖሙን ዛፍ ዕረፍት በተመለከተ

የብሎካችን ብቸኛ የፖም ዛፍ በሰው እጅ ተገድሎ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን በከባድ ሐዘን ያስታወቅኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው... ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ በመስኮት ቁልቁል ሳይ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ጫቦ ጤነኛ አረንጓዴ ቅጠል አንድ በአንድ እየነቀሉ ይጥላሉ። ዛፉ ራቁቱን ቀርቷል! ፎቶ አንስቼ የነዋሪዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት፦ «ዛፋችን አረፈ። ገዳዩም ይታወቃል።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የኮሚቴው ሊቀመንበር መለሱ። «ከሞተማ ሰኞ ይቆረጥ። ለሞተር ማቆሚያ ይሆናል።» የአውራ ጣት መዓት ዘነበ።

እውነቱን ለመናገር ዛፉ ወዳጅ አልነበረውም። ጓሮው ፀሐይ አይደርሰውም፣ «ፍሪጁ» ነው የምንለው። አፈሩ ዋልካ... በበጋ ተሰንጥቆ ስልክ ይውጣል፣ በክረምት ጫማ ይቀማል። ከሥሩ ደግሞ ግንበኞች የቀበሩት የሲሚንቶ ፍርስራሽ አለ። ጋሽ ጫቦ አፈር ከምረው፣ ፍግ አልብሰው ነው ያሳደጉት። አምና አንድ ፍሬ ብገምጥ የተጨማደደው ፊቴ እስከ ማታ አልተመለሰም።

ወረድኩ።

«ጋሽ ጫቦ፣ ምን በደለዎት?»

«ማን?»

«ዛፉ ነዋ!»

ሳቁብኝ። «እያስተኛሁት እኮ ነው! ይሄ የብርድ አገር ፍሬ ነው። ሲበርደው ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ሲነቃ ያብባል። እዚህ ብርዱ ስለማይበቃው በእጅ ታራግፍለታለህ። እኛ ጨንቻ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

«የኛ ጥርስ እየተንቀጫቀጨ ለሱ አልበቃውም?»

«ፈረንጅ ነዋ!»

«ለሚኮመጥጥ ፖም ይሄ ሁሉ ልፋት?»

«ማን በጥሬው ብላ አለህ? ተቀቅሎ ነው የሚበላው።»

«ድንች ነው እንዴ?»

አሁን አልሳቁም። «ወርቄ ከታመመች ወዲህ እህል አልዋጥላት ብሏል። አምና ይሄን በስኳር ቀቅዬ ባቀርብላት... ጨምርልኝ አለችኝ።»

ወርቄ ባለቤታቸው ናቸው። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ደበቅኩ።

እሁድ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ሟች አለመሞቱን ለማስረዳት ላቤ ጠብ አለ። «አስከሬኑን ፎቶ ያነሳኸው አንተ አይደለህ?» አሉኝ ሊቀመንበሩ። በስንት ልመና አንድ ወር ተሰጠን። «ካላበበ መጥረቢያውን የምትይዘው አንተ ነህ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቴን ሳልታጠብ ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ... ደረቅ እንጨት። ከጋሽ ጫቦ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ፈራን።

ትናንት ጠዋት ከታች የደከመ የሴት ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ወርቄ በራቸው ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ጋቢ ተከናንበው ጣታቸውን ወደ ዛፉ ቀስረዋል።

«ጫቦ! ና እስቲ... ፈረንጁ ነቅቷል!»

አበባ። ነጭ፣ ጠርዙ ሮዝ... ሦስት!

እርማት፦ ቀደም ሲል በግሩፑ «አረፈ» የተባለው ዛፍ «ተኝቶ ነበር» ተብሎ ይነበብ። «ገዳይ» የተባሉት ጋሽ ጫቦም «አስታማሚ» ተብለው ይታረሙልን።