የእትዬ አስካለ ጠላ ፈተና የወደቀ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤዛ አዳማ ውስጥ አዲስ የተከፈተ፣ ቢራውን እዚያው የሚጠምቅ ቤት ወሰደችኝ። መጥመቂያው የሚያብረቀርቅ ትልቅ በርሜል ነው፤ ከመስታወት ጀርባ ቆሞ ይታያል። እሷና ሦስት ጓደኞቿ ከየዓይነቱ በትንንሽ ብርጭቆ አስቀረቡና እየተጎነጩ ስልካቸው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ጥቁሩ «መራራነቱ በዛ» ተባለ፤ ቀዩ «ምንም አይልም» ተባለ። ቤዛ ለቤቱ ከአምስት ኮከብ ሁለት ልትሰጥ ጣቷን ስታነሣ፣ ሳላስበው «ቆይ እስቲ፣ ጠማቂውን አነጋግራችሁታል?» አልኳት።

«ጋሼ ደግሞ! ቢራ ልንጠጣ ነው የመጣነው ወይስ ሽምግልና?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ብርጭቆዬን ገፋ አደረግሁት። በእነሱ ዕድሜ እኔም ፈራጅ ነበርኩ።

ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አሁንም አፌ ይቀድመኛል። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከገበያ ወደ ሰፈር የሚያመላልሰን ጋሪ ነው። ግንቦት ላይ ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ ዓይን ውስጥ ይበትነዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ የመጣሁ ጀማሪ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ቶሎሳ ሒሳብ ያስተምራል። አዳሚ ቱሉ ያደገ፣ እናቱ ፋርሶ የሚጠምቁ ልጅ ነው፤ ጠላን በኦሮምኛ እንዲያ ነው የሚሉት። ዳንኤል እንግሊዝኛ ያስተምራል። ጴንጤ ስለሆነ አልኮል በአፉ አይዞርም፤ ጽሑፉ ግን የታተመ ይመስላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠላ ቤት እንዞራለን። መምህር ደግሞ ምን ጊዜም መምህር ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ያርማል። ለእያንዳንዱ ጠላ ቤት እንደ ፈተና ወረቀት ከመቶ ነጥብ እንሰጣለን፤ አብዛኛው ለጠላው ነው፣ ትንሽ ለጣሳው ንጽሕና፣ ትንሽ ለመስተንግዶው፣ አምስት ነጥብ ደግሞ ለቆሎው። ዳንኤል ለስላሳውን ይዞ ይመጣና ይጽፋል። «ያልጠጣ ዳኛ የትም አታገኙም» እያለ ይኮራብናል። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከሠላሳ በላይ መምህራን ሻይ እየጠጡ ያነቡታል። ለእኛ ጨዋታ ነው፤ ሰዉ ግን የቅዳሜ መዋያውን በዚያ ወረቀት ይመርጥ ነበር። እኛም ይህ ደስ ይለን ነበር፤ አልዋሽም።

የጠላ አዋቂ ተብዬው እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደሆንኩ እንጃ። እናቴ ቤት ጠላ ተጠምቆ አያውቅም፤ ግን መጀመሪያ ቀን አንድ ሁለት ቃል ጣል አድርጌ ተደነቀልኝና በዚያው ቀረሁ።

እትዬ አስካለ የሚኖሩት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደጉት በጠላ ነው። ቤታቸው ከትምህርት ቤታችን ወደ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ደንበኞቻቸው ባብዛኛው የእኛው መምህራን ናቸው። የሄድን ዕለት ጠላ መኖሩን የሚያመለክተው፣ ጣሳ የሚደፋበት እንጨት በራፉ ላይ አልቆመም ነበር። ሙቀቱ ስለበረታብን ዝም ብለን ገባን። ጓደኞቼ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ እኔ ለማዘዝ ጓዳ ድረስ ዘለቅሁ።

«ውይ ልጄ፣ ጉሽ ነው እኮ፤ ገና አልጠራም። ነገ ብትመጡ ይሻላችኋል» አሉኝ።

ጉሽ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ተደፍድፎ ገና ሳይጠራ የሚቀዳ ለጋ ጠላ መሆኑን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አዋቂ የተባለ ሰው ግን እንዴት ይጠይቃል? «ግድ የለም እትዬ፣ ይምጣ» አልኳቸው። ልወጣ ስል እንደገና፣ «መምህር፣ ጉሽ ነው ብዬሃለሁ፤ በኋላ እንዳታሙኝ» አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ።

የመጣውን እንግዳ አይመልሱምና ቀዱልን። እንደ ወጉ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀምሰው ሰጡን። ጠላው ወፍራም ነው፤ ይጣፍጣል፣ ምላስ ላይ ይሻክራል። ቶሎሳ አንዴ ተጎንጭቶ ጣሳውን ወደ ብርሃን አዘነበለ።

«ይሄ ነገር ጉሽ እንዳይሆን። ጠይቀሃቸዋል?»

«ጠይቄአለሁ፤ ጠላ ነው» አልኩት። ይህችን ነው ያልኩት።

«እንግዲያው አልሆነላቸውም» አለ ቶሎሳ አዝኖ። አርባ አንድ ሰጠናቸው። ለመስተንግዶው ሙሉ ነጥብ ባያገኙ ከዚያም ይወርዱ ነበር። ዳንኤል በቀይ እስክሪብቶ «ወድቋል» ብሎ ጻፈ፤ አስተያየቱን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «ድፍርስ ነው። ጥረት ያስፈልጋቸዋል።»

ወረቀቱ ሰኞ ሲለጠፍ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። በዚያ ሳምንት ከመምህራኑ አንድም ሰው ወደ እትዬ አስካለ አልዞረም፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ጠላ ደግሞ ጠጪ አይጠብቅም። ሁለት ጋን ሙሉ ሆምጥጦ ተደፋ ሲባል ሰማሁ። ነገሩን ለቶሎሳ ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እትዬ አስካለ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፣ ማሰሮ ታቅፈው የትምህርት ቤቱ በር ላይ መጡ። መምህራን ከበሩ ውጭ ግራሩ ሥር ተቀምጠን ነበር።

«አርባ አንድ የሰጡኝ መምህራን የትኞቹ ናቸው?» አሉ። ተነሣን። «ተማሪ ሲወድቅ ወረቀቴ ይታይልኝ ይላል አሉ። እኔም እንዲታይልኝ ነው የመጣሁት።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ጣሳ አውጥተው ቀዱ፤ ቀምሰው ለቶሎሳ ሰጡት። የዶሮ ዓይን የመሰለ፣ የጠራ ጠላ። ቶሎሳ እስከ ግማሽ ጠጥቶ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ይሄማ ሌላ ጠላ ነው!»

«ሌላ አይደለም የኔ ልጅ። ያው እጅ፣ ያው ጌሾ ነው። ያን ለት የጠጣችሁት ጉሹን ነው።»

«ታዲያ ምነው እትዬ? ቢነግሩን ምን ነበረበት?»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። አንድ ቃል ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ እኔንም አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ ዓይኔን ወደ ማሰሮው መለስኩ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «እንጃ፣ ዘንግቼው ይሆናል። እርጅናም መጣ መሰለኝ» አሉ። ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት አይበልጥም ነበር።

ዳንኤል እዚያው ጉልበቱ ላይ አዲስ ወረቀት ጻፈ፤ ዘጠና ሁለት። ደንበኛው ሁሉ ተመለሰ። ያልተመለስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ በሌላ መንገድ እገባ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ጨክኜ ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ አስካለ ቀድተው፣ በመዳፋቸው ቀምሰው ሰጡኝና፣ «መምህር፣ ዛሬ ጠርቷል» አሉኝ። ይቅርታ ልላቸው ስል ሌላ እንግዳ ገባ። ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ቅዳሜ እዚያ አሳለፍኩ፤ ይቅርታዬን ግን አንድም ቀን አላወጣሁትም። ካረፉ ቆይተዋል።

አሁን ሳስበው፣ ያን ለት ያዳኑት የእኔን ስም ነው፤ ያውም ኑሯቸውን ያናጋሁባቸውን የእኔን። እንጀራዋ ተነክቶባት የአንድን ጎረምሳ ክብር የምትጠብቅ ሴት ከዚያ በኋላ አላየሁም። እወዳቸው ነበር፤ ይህንንም አልነገርኳቸውም።

ቶሎሳና ዳንኤል ደህና ናቸው፤ አንዱ መልካሳ፣ አንዱ እዚሁ አዳማ ይኖራል። በዓል ላይ ስንገናኝ ይህ ወሬ አይቀርም። ቶሎሳ ለልጆቹ፣ «እትዬ አስካለ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጉሽ መሆኑን መንገር ረስተው አርባ አንድ አገኙ» እያለ ያወራል። ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ።

ቶሎሳ፣ ዳንኤል፣ እሳቸው አልረሱም። ለእኔ ሁለት ጊዜ ነግረውኛል።