የአንድ ሰዓት መንገድ

አውሮፕላን ላይ ተቀምጬ «ወደ ድሬዳዋ የምናደርገው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። አንድ ሰዓት ስንት እንደሆነ እኔን ይጠይቁኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው አባቴ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዷል። ረፋድ ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን ከቤታችን የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ቁርሷን በልታ ጋደም እንዳለች በዚያው ቀርታለች። አጎቴ ጀማል ቴሌ ሮጦ ለአባቴ ደወለለት። አባቴም «በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው፤ ሳላያት እንዳትቀብሯት» አለው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሬሳ ቶሎ ነው የሚቀበረው፤ በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ ዩሱፍ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት እንዳታልፍ አሉ። አጎቴ ለመናቸው። ባቡር ቢሆን አፌንም አልከፍት፣ ይሄ ግን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው አለ። ሼሁ አንጀታቸው አልችል አለና እስከ አሱር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ፈቀዱ። ሴቶቹ አያቴን አጥበው ሲከፍኗት ሬሳ ላይ በሚደረገው ሽቶ ቤቱ ካፉር ካፉር ሸተተ። አጎቴ አባቴን ሊቀበል ኤርፖርት ሄደ። እኔ ማንም ሳያዘኝ የጎረቤታችን ሰገነት ላይ ወጥቼ ሰማዩን ስጠብቅ ዋልኩ። አቦ፣ የዚያን ቀን ፀሐይ! ሻሼን ውኃ እየነከርኩ አናቴ ላይ አደርግ ነበር።

ጀናዛውን ሊያነሱ ሲሉ አውሮፕላኑ መጣ። ደረጃውን በምን እንደወረድኩት አላውቅም፤ «አባ መጣ!» እያልኩ ግቢውን አቀለጥኩት። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። አጎቴ በታክሲ ተመለሰ፤ ብቻውን ነበር። ተቀበረች።

ያኔ ካገር አገር ያለ ይለፍ ወረቀት አይኬድም። አባቴ ለካ ወረቀቱን የሚፈርመው ሊቀመንበር ስብሰባ ገብቶበት ቀኑን ሙሉ ቀበሌ በር ላይ ቆሞ ውሏል። በማግስቱ መጣ። አላለቀሰም፣ ማንንም አልተቆጣም። የእናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትራሷን ታቅፎ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ እኛም አንጠይቀውም። እኔን ግን «አባ መጣ» ብዬ መጮኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዛሬ ማን ወረቀት ይጠይቃል? ባለፈው ዓመት አባቴ ሕመሙ ጠንቶበታል ብለው ጠዋት አዲስ አበባ ደወሉልኝ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ድሬ ገብቼ አልጋው ጎን ተቀምጬ ነበር። እጁን ስይዘው ዓይኑን ገለጠ፤ እኔን ያወቀኝ ግን አልመሰለኝም።

«ሳይቀብሯት ደረስኩ?» አለኝ።

«ደርሰሃል አባ። ጠብቀንሃል» አልኩት።

እፎይ አለና እጄን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው።