ኖራውን የቀባሁት እኔ ነኝ

የስም መመሳሰል ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት። ፎቶው የሷ ነው። ያ ቀለም የነካው ቢጫ ሻርፕ አንገቷ ላይ አለ።

ሠዓሊ ሌንሴ አረፈች ይላል። እንዴት ይሆናል? ባለፈው ሳምንት እኮ ደውላ "አዴ በለጡ፣ ክፍሌን አዘጋጂልኝ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ልሥል እመጣለሁ" ብላኛለች!

ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። የጓሮ ክፍሏ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ያነጠፍኩትን አንሶላ አነሳሁት፣ መልሼ አነጠፍኩት። እዚህ ላይ ብዙ እንደማልጽፍ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለማታውቋት፣ ሌንሴ ከካቺሲ ለኮሌጅ አምቦ መጥታ የጓሮ ክፍላችንን የተከራየች ልጅ ናት። ስትሥል ወለሉ ላይ ጋዜጣ ታነጥፋለች። እኔ ልጠርግ እገባና እዚያው ተንበርክኬ እቀራለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንበብ የለመድኩት ከሷ የቀለም ጠብታ መሃል ፊደል እየለቀምኩ ነው። አንድ ቀን ያዘችኝ።

"አዴ፣ ልትጠርጊ ነው ልታነቢ?"

"ልጠርግ ነዋ።"

"ታዲያ ጋዜጣውን ምን አስገለበጠሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ወዲያ ስገባ እንዲነበብልኝ ጽሑፉን ወደ በሩ አዙራ ታነጥፍልኝ ጀመር።

ወጥ ቢያርርብኝ፣ ከጎረቤት ብጣላ፣ "ራቅ ብለሽ እዪው" ትለኛለች። ይህን ስትል ሥዕል እንደምታይ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

በመጨረሻ ዓመቷ የክፍሏን ግድግዳ ሙሉ የካቺሲ ገበያ ሴቶችን በከሰል ሣለችበት። ለካ የመመረቂያ ሥራዋ ነበር፤ መምህራኖቿ ከፋሲካ በኋላ መጥተው ሊያዩት ነበር። እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ለበዓሉ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች።

እኛ ሰፈር ለፋሲካ ኖራ ያልተቀባ ቤት ያሳፍራል። ግድግዳው በከሰል የቆሸሸ መሰለኝና ባልዲዬን ይዤ ገባሁ። ፊታቸው አልሸፈን ቢለኝ ሦስት ጊዜ ደረብኩበት።

ተመልሳ በሩን ስትከፍት ነጩን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ "ማነው?" አለች።

"ኦቦ ታደሰ ናቸው" አልኩ።

ኦቦ ታደሰ ባለቤቴ ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ ይሰማል። ኖራ የሰነጣጠቀውን እጄን አየ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ "ይቅር በዪኝ ልጄ፣ አላወቅኩም" አለ።

በየጠዋቱ "አካም ቡልታን፣ ኦቦ!" ትለው የነበረች ልጅ ተመርቃ እስክትሄድ ድረስ ሰላምታ ነፈገችው። እውነቱን ልንገራት ስለው "ተዪ፣ ጋዜጣ የሚያነጥፍልሽ ሌላ ሰው የለሽም" አለኝ። በተመረቀች በዓመቱ ሞተ።

ሌንሴ በዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ በአራት ቀን እንደገና ሣለች፣ መምህራኖቿም አሳለፏት። አዲስ አበባ ስሟ ሲነሳም ኮሌጇን አልረሳችም። በየዓመቱ ቀለም ተሸክማ ትመጣለች፣ ከተማሪዎቹ ጋር የግቢውን ግድግዳ ትሥላለች፣ እዚያ ተመርቀው እጃጂና እንጭኒ ከተሞች የሚያስተምሩትን ሳይቀር እየሄደች ትጠይቃለች። የምታርፈው እኔ ጋ ነው።

አምና ተማሪዎቹ ፊት ቆማ እንዲህ አለች፦ "ሠዓሊ ያደረገኝ ይህ ኮሌጅና ኖራ የተቀባብኝ ግድግዳ ነው። ኦቦ ታደሰን ሰላም ሳልላቸው ሞቱ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።"

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሌንሴዬ፣ በዚህ ሳምንት ልነግርሽ ነበር ብል ማን ያምነኛል? አምናም፣ ካቻምናም እንዲሁ ብዬ ነበር። አንቺ ባልሠራሽው ጥፋት ስትቆጪ እያየሁ እራት አቅርቤልሻለሁ።

አሁን ራቅ ብለሽ እዪኝ፣ ልጄ። ባልዲውን የያዝኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁሽም እኔ ነኝ።

በሰላም ሂጂ። ኦቦ ታደሰን ስታገኚያቸው፣ እንደዚያን ጊዜው አንገታቸውን ደፍተው ሊያልፉሽ ይሆናል። እንዳታሳልፊያቸው። ቀድመሽ "አካም ቡልታን" በያቸው።

ለኔ ሰላምታሽ ይቆይ።